የኬንቱ የጭቃ ውድድር

ትልቋ መኪናችን የሄደችው በመጋቢት ነው፤ ትንሿ የመጣችው በሚያዝያ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩና ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ አልተቸገርኩም።

ትልቋ ቡናማ ዳትሰን ነበረች። የኋላ መቀመጫዋ ተቀዷል፣ ማሞቂያዋ ሲፈልግ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ግን በዝናብም በብርድም አንድ ቀን እምቢ ብላ አታውቅም። እሑድ ከቸርች ስንወጣ አባቴ ቀጥታ ወደ ቤት አይወስደንም ነበር። ከሲያትል በሐይቁ ዳር ይዞን ወደ ሬንተን ከተማ ይወርድና በአውሮፕላን ፋብሪካው አጥር አጠገብ ቀስ ብሎ እየነዳ፣ «ያቺን ታያለሽ ማኔ? የክንፏን ብሎን አንድ በአንድ ያየሁት እኔ ነኝ» ይለኛል። ሥራው ምርመራ ነበር። ሌላው የገጠመውን እሱ ያያል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ዳትሰኗ የምትቆምበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ አገኘሁ።

«ሸጥናት» አለችኝ እናቴ።

«ለምን?»

«አንዳንድ ነገር ለልጅ አይነገርም» ብላ ጎንበስ አለችና ነጭ የሥራ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። እናቴ እናኑ በአንድ የሽማግሌዎች መጦሪያ ነበር የምትሠራው፤ ቅዳሜና እሑድም ትገባለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በአውቶቡስ ሆነ መሄጃዋ፣ ቤታችን ውስጥ ስታርፍ የማያት ከበፊቱም እያነሰ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ ዝናብ እየወረደበት፣ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ካርቶኑ ላይ አሸዋ እየበተነች የምትዘል መኪና ተስላለች። ስከፍተው ግን መኪና የለም። በትንንሽ ፌስታል የታሸገ ብሎን፣ ጥርሳጥርስ፣ ሞላ፣ ገና ቀለም ያልነካው ብርጭቆ የመሰለ ፕላስቲክ ቅርፊት፣ አራት እሾሃማ ጎማዎች፣ አንድ ደግሞ ወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያ።

«እኔና አንቺ እንገጥማታለን» አለኝ። «ሰኔ ላይ ኬንት ውስጥ የልጆች ውድድር አለ። በሪሞት፣ አፈር ላይ። ትገቢያለሽ።»

ባለፈው የብርድ ወራት የጎረቤት ልጅ እንደዚያ ያለች መኪና ሲነዳ በመስኮት ቆሜ ስመለከት አባቴ አይቶኝ ነበር። ምንም አላልኩም፤ ግን አይቶኛል። እንግዲህ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ሆነ። ዳትሰኗ የተሸጠችው በእኔ ምክንያት ነው። እናቴ በዝናብ አውቶቡስ የምትጠብቀው፣ ቸርች መሄድ የተውነው፣ እሑድ ማንም የማይጠይቀን፣ ሁሉም በእኔ ምክንያት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ልናገር ብልስ ለማን? በክፍላችን ውስጥ ስሜን አስተካክላ የምትጠራ አንዲት ልጅ እንኳ አልነበረችም። ማንአልሞሽ ሲከብዳቸው «ማና» አሉኝ፣ እሱም ሲሰለቻቸው መጥራቱን ተዉት።

ማሸነፍ አለብኝ አልኩ። ሌላ መካሻ አልታየኝም።

ያኔ አባቴ ደግሞ ቤት መዋል ጀምሮ ነበር። የተባረረ መሰለኝ። አሁን የማውቀው ሌላ ነው፤ ራሱ ነው የለቀቀው። አለቃው ዘንድ ገብቶ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ያየሁትን ብሎን ሌላ ሰው ይይልኝ» ብሎ የመመርመሪያ ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ይህን ለመስማት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መግጠሙን የጀመርነው በማግስቱ ነው። ከትምህርት ቤት ስገባ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተጠርጎ፣ ነጭ አንሶላ ተነጥፎበት፣ ብሎኖቹ በሻይ ማንኪያ ማስቀመጫው ክፍልፍል ውስጥ በቁመታቸው ተደርድረው አገኛለሁ። አባቴ ገመዳ አዋሽ ዳር በነበረ የስኳር ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት መካኒክ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ካቻቢቴ ሲይዝ እጁ ያምራል።

«አንብቢልኝ» ይለኛል መመሪያውን ወደ እኔ እየገፋ።

አነባለሁ። «ስቴፕ ሴቨን» እላለሁ፤ ወደ አማርኛ ለመመለስ እየተንተባተብኩ፣ «ይሄ... ትንሹን ጥርስ ሞተሩ ላይ አድርግ ይላል። ሶ፣ ከትልቁ ጥርስ ጋር በጣም እንዳይጠብቅ ይላል።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ወረቀት መሀላቸው ይግባ ይላል።»

ወረቀት ቀዶ ያስገባል። በጣቱ ይዳብሳል። ሞተሩን ከባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ገና ነው፣ እያለቀሰች ነው» ይልና ብሎኑን ሩብ ዙር ያላላል። እንደገና ሲያስነሳት ድምፁ ጠርቶ ይወጣል። እኔም ይገርመኝ ነበር፤ ግን የሚገርመኝ ነገር ያሳፍረኝም ጀመር። አባቴ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም ማለት ነው። ሌሎች አባቶች ጋዜጣ ያነባሉ፤ የእኔ አባት የአሻንጉሊት መመሪያ ለልጁ ያስነብባል።

እናቴ በኋላ ያሳየችኝ አንድ አሮጌ ደብተር አለ። የስኳር ፋብሪካውን የእንግሊዝኛ የማሽን መጽሐፍ አባቴ ለሠራተኞቹ ወደ አማርኛ የመለሰበት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በእሱ ጽሑፍ ተሞልቷል። ፊደሉ አልጠፋበትም ነበር። የጠፋበት መስመሩ ነው።

የቅርፊቷን ቀለም እኔ ቀይ ፈልጌ ነበር። «ቢጫ ይሁን» አለ። «ጭቃ ውስጥ ቢጫ ይለያል።» ቢጫ ሆነች። ቁጥሯን ስምንት አልን፤ እኔ በጥቁር ቀለም ስጽፍ እሱ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘልኝ።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ይርጉ መጣ። የአባቴ የአውሮፕላን ፋብሪካ ጓደኛ ነው፤ መኪናዋ ከተሸጠች ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እኔ መኝታ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጬ ጎማ በጥርስ ቡሩሽ እፍቃለሁ። ግድግዳው ስስ ነው። ሦስቱ ወጥ ቤት ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«እየጠበበ ነው» አለ አባቴ።

«ሶ፣ ምን ያህል ጊዜ አላችሁ አሏችሁ?» አለ ጋሼ ይርጉ።

«ሁለት ዓመት። ሦስትም ሊሆን ይችላል፤ አይታወቅም» አለች እናቴ።

«ከጎንስ?»

«ከጎን ምንም የለኝም» አለ አባቴ። «አለቀ።»

ጋሼ ይርጉ፣ «ለልጅቱ ነገራችኋት?»

«ተይ ብሎኛል» አለች እናቴ።

ጎማውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የጠበበው ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ያስወጣናል፤ ያ ገባኝ። በእርግጥም በዓመቱ ወደ ኬንት ተዛወርን፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ልክ ነበርኩ ብዬ አሰብኩ። የቆረጠኝ ሌላው ነው፤ «ከጎን ምንም የለኝም» ያለውን እኔ የሰማሁት እንዲህ ብዬ ነው። ከጎኔ ማንም የለም አለ። ከግድግዳው ወዲህ ጎማውን እየፈቅሁለት፣ ከጎኔ ማንም የለም አለ።

ወጥቼ «እኔስ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ሦስቱም ይነግሩኝ ነበር ይሆናል። አልወጣሁም። ጎማውን ፍቄ ስጨርስ ሁለተኛውን አነሳሁ።

የልምምድ ቦታችን ተዘግቶ ከቀረ የእንጨት መጋዘን ጀርባ ያለ ባዶ መሬት ነበር። አባቴ ያረጀ የውኃ ጎማ ቆርጦ መንገድ አበጀ፣ በአካፋ ሁለት ጉብታ ሠራ። ከእኛና ከቁራዎች በቀር ማንም የለም። አንዳንዴ ልጆች በብስክሌት ያልፋሉ፣ ቆም ብለው ያያሉ፣ ይሥቃሉ፣ ይሄዳሉ። ኑ ቢሉኝ ሪሞቱን ጥዬ እሄድ ነበር።

አንዷ ባትሪ ከስድስት ሰባት ደቂቃ አታልፍም። በዚያች ጊዜ ውስጥ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ያለማቋረጥ ይጠይቀኛል።

«አሁን የት ናት?»

«ግራ መታጠፊያው ላይ።»

«ጉብታውን አለፈች?»

«አለፈች።»

«እንዴት አረፈች?»

«በአፍንጫዋ።»

«ማፍጠኛውን ቶሎ ለቀቅሽው ማለት ነው። አየር ላይ ትንሽ ያዥላት። አሁንስ የት ናት?»

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ዩ ካን ሲ ኢት!» ብዬ ጮኽኩበት። «አባባ፣ አንተ አታያትም እንዴ?»

«ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው» አለኝ። «የምትነዳውን የምትናገር ሰው አትሳሳትም።»

የሚፈትነኝ መሰለኝ። ስህተቴን ለመያዝ የሚጠይቀኝ። ግን የማልክደው ነገር፣ እየተናገርኩ ስነዳ እጄ ይረጋጋ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ሁለቱን ጉብታ ሳልገለበጥ አሥር ዙር እሄድ ነበር። አሥረኛውን ስጨርስ አባቴ ትከሻዬን ፈልጎ ያዘና ጨመቀኝ። ፈልጎ ያዘ የምለው አሁን ነው፤ ያኔ እጁ መጀመሪያ አየር ላይ መዋኘቱን አይቼ ምንም አላልኩም።

የውድድሩ ቀን እናቴ ሥራ ገባች። እኔና አባቴ መኪናዋን በፎጣ ጠቅልለን፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን ኬንት ደረስን። ዝናቡ ሌሊቱን አውርዶ ቆሟል። ከመጋዘኖቹ መሀል ባለው ሜዳ ላይ የአፈር መንገድ ተሠርቷል፤ መዝለያ፣ መጠማዘዣ፣ የቀለጠ ጭቃ። ልጆቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሁሉም ከወላጆቻቸው ጋር በፒክአፕ መጥተዋል፣ ሁሉም ይተዋወቃሉ፣ ሁሉም የሚታጠፍ ጠረጴዛና መሣሪያ የሞላ ሣጥን አላቸው። እኛ መሬት ላይ ፎጣችንን አነጠፍን።

መመዝገቢያው ድንኳን ውስጥ ነበር። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ ለአባቴ ፎርም ሰጠችው። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ወደ ቀኝ አዘነበለው፣ እንደገና አስጠጋው። ከኋላችን ከተሰለፉት አንዱ ልጅ አባቱን ቀና ብሎ አየ። ፊቴ ጋለ።

በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ፣ «አባቴ ማንበብ አይችልም» አልኩ።

ሴትዮዋ «ኦ» አለች፣ በርኅራኄ። አባቴ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ በዝግታ፣ «መፈረሚያው የቱ ጋ ነው? ጣትሽን አሳርፊልኝ» አለኝ።

ጣቴን አሳረፍኩ። ጣቴን ተከትሎ ፈረመ።

ሬይ የሚባል ጢማም ሰውዬ ነበር ውድድሩን የሚመራው። የልጆቹ ተራ ሲደርስ ወላጆችን ጠራ፤ እያንዳንዱ አንድ መታጠፊያ ላይ ቆሞ የተገለበጠ መኪና ያነሳል። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ እዚያ የሚቆመውን «ማርሻል» ይሉታል። አባቴ አንድ ነገር ሊነግረው አፉን ከፈተ፣ ወደ እኔ አየ፣ ተወው። ከመዝለያው በታች ያለውን መታጠፊያ ሰጡት።

እኛ ስድስት ልጆች የእንጨቱ ማማ ላይ ወጣን። አንቴናዎቻችንን ዘረጋን። ደወሉ ተደወለ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ፣ «ግራ፣ ጉብታ፣ ያዥ፣ ልቀቂ» እያልኩ ነዳሁ። በሁለተኛው ዙር ሦስተኛ ነበርኩ። በሦስተኛው ሁለተኛ ሆንኩ። ከፊቴ ያለችው ሰማያዊ መኪና ጎማዋ ጭቃ ጠጥቶ እየተንሸራተተች ነው፤ እደርስባታለሁ። ቢጫዋ ቅርፊት እየጠቆረች ስትሄድ አያለሁ፣ ግን የእኔ ናት፣ አትጠፋኝም።

አራተኛው ዙር ላይ መዝለያውን ትንሽ አጣምሜ ገባሁ። በጎኗ አረፈች፣ ተንከባለለች፣ በጀርባዋ ተኛች። ከአባቴ ጫማ ሁለት ክንድ አይርቅም።

ጥሩ ቦታ ወደቀች ብዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ የሚያነሳት መሰለኝ።

አላነሳትም። ቀጥ ብሎ ቆሞ መዝለያውን ያያል። ጎማዎቿ ወደ ሰማይ ይሽከረከራሉ። «ማርሻል! ማርሻል!» ብለው ሰዎች ጮኹ። አባቴ ወደ ቀኝ ዞረ። መኪናዋ በግራው ነበረች።

«አባባ! ከእግርህ ሥር! በግራ!»

ወደ ግራ ዞረ፣ ግን በጣም ዞረ፣ አለፋት። ሌላ መኪና መጥታ ቁርጭምጭሚቱን መታችው። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ሣቀ። ያን ጊዜ አባቴ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። በሁለት መዳፉ መሬቱን እየደባበሰ፣ ወደ እሷ ሳይሆን ከእሷ እየራቀ ሄደ።

በመጨረሻ ከሌላው መታጠፊያ አንዲት እናት ሮጣ መጥታ መኪናዬን ገለበጠችልኝ። «ጎ፣ ሃኒ!» አለችኝ። አራት ጣቶቼ ሪሞቱ ላይ ነበሩ። አልነካሁትም። ቢጫዋ ቆመች፤ ሌሎቹ በጎኗ አለፉ።

ያኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሆን ብሎ ነው። በሰው ፊት አዋረድኩት፣ በሰው ፊት አዋረደኝ። ሪሞቱን ጣውላው ላይ አስቀመጥኩ፣ ደረጃውን ወረድኩ፣ በሜዳው በር ወጥቼ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድኩ። ከኋላዬ «ማኔ! ማኔ፣ ቆይ!» ሲል ሰምቻለሁ። ፍጥነቴን ጨመርኩ። መንገዱ እግረኛ የማይሄድበት ነው፤ በአንድ በኩል የጭነት መኪና፣ በሌላው ቦይ። እኔ አምስት ደቂቃ የሄድኩበትን አባቴ ለብቻው እንዴት እንደሄደው ዛሬም አስቤ አልጨርሰውም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ አንድ እጁ ተቧጥጧል፤ መኪናዋን በፎጣው ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። አግዳሚው ላይ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ባትሪዋን ሳታጠፊ ነው የሄድሽው» አለኝ።

ማካፋት ጀመረ። አውቶቡሱ መጣ። ፊት ለፊታችን ቆመና በሩ ተከፈተ።

«የኛው ነው?» አለኝ አባቴ።

ቁጥሩን አየሁ። የኛው ነበር። ቁጥር እንኳ ማንበብ አይችልም ብዬ ውስጤ በክፋት ሞላ።

«አይደለም» አልኩት።

ሹፌሩ አንድ ነገር ተናግሮ አየኝ። ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁ። በሩ ተዘጋ።

የሚቀጥለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። አባቴ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ እምቢ አላልኩም፣ አመሰግናለሁም አላልኩም። ከዚያ ዝም ብሎ ማውራት ጀመረ። የስኳር ፋብሪካው ውስጥ የመጀመሪያ ቀኑ አንድ ቫልቭ በተቃራኒው አዙሮ ጠቅላላ ወለሉን በሞላሰስ እንዳጥለቀለቀ፣ ከአለቃው ለመደበቅ በርሜል ውስጥ ገብቶ እንደተኛ፣ ሲያወጡት ጫማው በርሜሉ ውስጥ ተጣብቆ እንደቀረ። እንደዚያ ብዙ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ፊቴን አዙሬ አዳመጥኩት። አልሣቅሁለትም።

በሁለተኛው ዓመት ነጭ በትር በፖስታ መጣለት። እናቴ ያን ቀን አስቀምጣ ነገረችኝ፤ የዓይን በሽታው እይታውን ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል እየበላ የሚመጣ መሆኑን፣ ዳትሰኗን የሸጣት አንድ ቀን ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሳያይ ሊገጨው ለጥቂት ስለተረፈ መሆኑን። «መሪዬ እንዳትሆን ብሎ ነው የደበቀሽ» አለችኝ። «የአሥር ዓመት ልጅ እጄን ይዛ እንዳትዞር ብሎ። ፊት ለፊት ያለው እይታዬ ገና ደህና ሳለ ከእሷ ጋር አንድ ነገር ልሥራ አለ። ትንሿን መኪና የገዛው ለዚያ ነው።» ያን ቀን ከመጋቢት እስከ ሰኔ የሆነውን ሁሉ ወደ ኋላ ሄጄ ከመጀመሪያው አንስቼ አየሁት። ለፎርሙ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለማማው ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ አውቶቡሱ ግን አፌ አልከፈት አለኝ። ሌላው ሁሉ ባለማወቅ ነው፤ ያኛው ውሸት ነበር።

ሃያ ዓመት ይዤው ኖርኩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኬንት እየሄድኩ አብሬው እውል ነበር። ያኔ ከነአካቴው አያይም። አንድ ከሰዓት ሬዲዮውን ዘግቶ ሻዩን ሲጠጣ ድንገት አወጣሁት።

«አባባ፣ ያን ቀን መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ የኛው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ሹፌሩ ወደ ሲያትል የሚሄድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ እኮ። ያኔም ጆሮዬ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ዝናብ እየመታህ፣ ሙሉ ሰዓት!»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጠርዙን በጣቱ ፈልጎ፣ እንዳይወድቅ ወደ መሀል ገፋ አድርጎ።

«ቤት ብንገባ ክፍልሽ ገብተሽ በሩን ትዘጊብኝ ነበር» አለ። «እዚያ በር አልነበረም።»